ቢራ ለመጥራት ያጨበጨብኩ ለታ

ዛሬ አጨበጨብኩ። ሞኝነቴ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ እሱን ተከትሎ የመጣ ነው። ጧ! ጧ! አድርጌ፣ በጠራራ ቀን፣ ዊልስደን ዋናው መንገድ ላይ ባለ አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ቤት ሙሉ እንግሊዝ ጸጥ ባለበት ሰዓት አጨበጨብኩ።

ያጨበጨብኩት ቢራ ለማዘዝ ነው። በአራዳ ቡና ቤቶች ያደገ አንባቢ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ሰው ይገባል፣ ወንበር ይስባል፣ ባርኔጣውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋል፣ ያጨበጭባል፤ አስተናጋጅ "አቤት ጋሼ!" እያለ ይደርሳል። በቃ። የእኔ ጭብጨባ ደግሞ በጉብዝናዬ ጊዜ ስም ያላት ነበረች፤ በር ላይ አጨብጭቤ ከጓዳ አስተናጋጅ አስወጥቻለሁ። ይህን የምነግራችሁ ልመካ ብዬ አይደለም። እሺ፣ ልመካ ብዬ ነው።

የእጄ ነገር ከተነሳ አይቀር ሌላም ልጨምር። ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ መሥሪያ ቤታችን አዳራሽ ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። አለቃችን ተናገረ፣ አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ በርዶኝ ነው። ከጎኔ የነበረው ሰውዬ ግን ያየው ኪሴን እንጂ ብርዱን አይደለም። በማግስቱ ተጠራሁ። "ለምን አላጨበጨብክም?" ተባልኩ። በርዶኝ ብል ማን ያምነኛል? ካልታመንኩ አይቀር ደረቴን የሚያስነፋኝን መልስ ልስጥ ብዬ "ደስ ስላላለኝ" አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው ብዙ ነው፤ አጭሩ፣ ይኸው ዊልስደን ልጄ ቤት ተቀምጬ እጽፍላችኋለሁ። አገሬ ላይ ባለማጨብጨቤ ያየሁትን ፍዳ ለንደን ላይ በማጨብጨቤ ደገምኩት። የእኔ ዕጣ ግንባሬ ላይ ሳይሆን መዳፌ ላይ ነው የተጻፈችው።

አሁን ወደ መጠጥ ቤቱ ምን እንደወሰደኝ ልንገራችሁ። ጌታሁን የሚባል፣ ጀርመን የሚኖር የልጅነት ወዳጅ አለኝ። ሰሞኑን ደወለና፣ ቤልጂየም ውስጥ ስሟን እንኳ በቅጡ መጥራት ያቃተው አንዲት ትንሽ ከተማ ሄዶ፣ የአገሬውን ቢራ ሲጠጣና የአገሬውን ምግብ ሲበላ እንደሰነበተ አወራልኝ።

"አውሮፓ ማለት ትልልቁ ከተማ እንዳይመስልህ" አለኝ። "ትንንሾቹ ናቸው! አደባባዩ ላይ ቁጭ ብለህ፣ እነሱ የሚጠጡትን ጠጥተህ፣ እነሱ የሚበሉትን በልተህ… አንተማ ምን ታውቃለህ፣ ከደሴትህ አትወጣ!"

እውነቱን ነው። ወረቀቴ ገና ስላላለቀ ባሕር መሻገር አልችልም። ግን እውነት የሆነ ስድብ ከውሸቱ ይበልጥ ያናድዳል። ስልኩን ዘጋሁና በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ። ዊልስደን! አንድ ዋና መንገድ አላት፣ ቤተ ክርስቲያን አላት፣ ሥጋ ቤት አላት፣ ውሻውን እየጎተተ ይሁን በውሻው እየተጎተተ ያልለየለት ሽማግሌ አላት። ይህች ትንሽ የአውሮፓ ከተማ ካልሆነች ታዲያ ምንድን ናት? ቱሪስት ዝር አለማለቱ ደግሞ ለጎብኚው ሞገስ ነው። ልጎበኛት ወሰንኩ። ቪዛ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው የልጄ የሰብለ ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከቪዛ ይብሳል።

ሰብለ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ጎበዝ፣ ለእኔ ሟች፣ ለሰው አዛኝ፤ ጌታን ካገኘች ወዲህ ደግሞ ቤታችን ውስጥ አልኮል ያለበት ነገር ቢኖር የእጅ ማጽጃው ብቻ ነው። ባለፈው ወር አውቶቡስ ውስጥ እንቅልፍ ይዞኝ ከለንደን ወዲያኛው ጫፍ፣ ሃክኒ ድረስ ሄጄ በፖሊስ ስለተመለስኩ፣ ብቻዬን መውጣቴ እንደ አገር ጉዳይ ይታያል።

"አባዬ፣ ለሽማግሌዎች ደይ ሴንተር አፕላይ አድርጌልሃለሁ" አለችኝ። "ሐሙስ ሐሙስ ቫን መጥቶ ይወስድሃል። ይዘምራሉ፣ ሥዕል ይሥላሉ፣ ፊኛ ይወራወራሉ።"

"ምን ይወራወራሉ?"

"ፊኛ። ለጡንቻ ጥሩ ነው።"

እኔ! ያልተጨበጨበለት አለቃ ፊት ቆሜ "ደስ ስላላለኝ" ያልኩ ሰው፣ ፊኛ! ብዙ ተከራከርን። መጨረሻ ላይ አንድ ሐሙስ ለፈተና ተፈቀደልኝ። ከዋናው መንገድ አልወጣም፤ ስልኬን አልዘጋም፤ እሷ ከሥራ ስትመለስ ቤት ታገኘኛለች። ከሦስቱ አንዱ ቢጓደል በሚቀጥለው ሐሙስ ቫኑ በር ላይ ይቆማል። ስለ ቢራ የተነሳ ነገር የለም። ያልተነሳ ነገር ደግሞ አልተከለከለም፤ ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔው ነኝ፣ የማከብረውም እሱን ብቻ ነው።

እንዲህ ሆኜ ነው ዛሬ ከረባቴን አስሬ፣ ባርኔጣዬን ደፍቼ መጠጥ ቤቱ የገባሁት። ሞቅ ያለ ቤት ነው። ሰዉ ለባብሷል፣ ብርጭቆ ይዟል፣ ይሳሳቃል። ግድግዳው ላይ፣ ዳርት የሚሉት፣ ትንንሽ ቀስት በእጅ የሚወረወርበት ክብ ሰሌዳ አጠገብ፣ አንድ ጉንጩ የሞላ ሰውዬ ትልቅ ፎቶግራፍ ተሰቅሎ ሥሩ አበባ ተደርድሯል። ሻምፒዮን መሆን አለበት አልኩ በሆዴ። ዋንጫ በልቶ ድል ያለ ድግስ ደግሷል፤ ደግ ቀን ነው የመጣሁት።

ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ጠበቅሁ። አሁንም የለም። በዚህ አገር ባለጌውም ጨዋውም፣ ባለሀብቱም ሠራተኛውም፣ መጠጡን ራሱ ባንኮኒው ድረስ ሄዶ እንደሚያመጣ ማን ነግሮኝ? ለሁሉ ነገር ወረቀት የሚበትኑ ሰዎች ለዚህ አንድ ወረቀት አልሰጡኝም። በመካከሉ አንድ ረጅም ሰውዬ ተነሥቶ ወረቀት ዘርግቶ ማንበብ ጀመረ። ሁሉም ዝም አለ። ረጅም ንግግር ነው፤ እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፤ ጉሮሮዬ ደርቋል። ሰውዬው ጨረሰ፣ ወረቀቱን አጠፈ፣ ቤቱ እንደ ውኃ ረጋ። አሁን ካልጠራሁ መቼ ልጠራ ነው?

ጧ! ጧ!

ቤቱ በሙሉ ዞረብኝ። ያን ሁሉ ሰማያዊ ዓይን በአንድ ጊዜ የተቀበለ ሰው ያውቀዋል። እጄ እንደተዘረጋ ቀረ። ከዚያ ከወደ ኋላ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቀስ ብሎ ማጨብጨብ ጀመረ። ከጎኑ ያለችው ሴት ተከተለችው። ወዲያው ቤቱ በሙሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ የሚያፏጭም ነበረ። ባንኮኒው ኋላ ያለው ቢራ ቀጅ እንኳ ፎጣውን ጥሎ ያጨበጭባል። ቢራ ይቀዳልኛል ስል እሱም ጭብጨባ ውስጥ ገባ!

ንግግር ያደረገው ረጅሙ ሰውዬ ዓይኑ ቀልቶ እጁን ዘርግቶ መጣ።

"አመሰግናለሁ" አለኝ። "ለወንድሜ ይጨበጨብለት አይጨበጨብለት ሁላችንም ጨንቆን ነበር። እርስዎ ገላገሉን። ቴሪን ያውቁት ነበር?"

ነበር። ያቺ "ነበር" የምትባል ቃል ናት ያነቃችኝ። ያኔ የሴቶቹን ጥቁር ቀሚስ አየሁ፣ የአበባውን ነጭነት አየሁ። ለቅሶ ቤት ነው የተቀመጥኩት! ግን ፍረዱኝ፤ ድንኳን የለ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀ የለ፣ ሙሾ የለ፣ ሁሉም ይስቃል። ለቅሶው ሳቅ ከሆነ እኔ በምን ልለየው? ሟቹ ደግሞ፣ ኋላ እንደሰማሁት፣ ከሞተ ሳምንታት አልፈውታል። እኛ ዘንድ ጠዋት የሞተ ሰው ማታ ሳይቀበር ቢያድር ሰፈር ያማል። እነሱ ግን አንዱ ፈቃድ እስኪያገኝ፣ ሌላው ከሽርሽር እስኪመለስ ሬሳውን በረዶ ቤት አስቀምጠው ለሁሉም የሚመች ቀን ይቆርጡለታል። መቼም ሟች ቀጠሮ አይበዛበትም።

ልጠይቃችሁ፦ ለቅሶ ቤት ገብቶ "ሟቹን አላውቀውም፣ ለቢራ ነው የመጣሁት" የሚል ሐበሻ አይታችኋል? እኛ አገር ከቀባሪው እኩሌታው ሟቹን አያውቀውም፤ ለእድሩ ሲል ይመጣል፣ ለጎረቤት ሲል ይመጣል፣ ነገ ለእኔ ብሎ ይመጣል።

"ጎረቤት ነኝ" አልኩ። ውሸት የለበትም። የዊልስደን ሰው ለዊልስደን ሰው ጎረቤት ካልሆነ ምኑ ሊሆን ነው?

"ጎረቤቱ ነው!" ብሎ ለቤቱ አወጀ። ጎትቶም የሟች ሚስት አጠገብ አስቀመጠኝ። ሞሪን ትባላለች፤ ትንሽዬ፣ ጸጉሯ እንደ ጥጥ የነጣ፣ ጀርባዋ ቀጥ ያለ ሴትዮ። ያላለቀሰ ፊት ነው ፊቷ፤ እንባው የት እንደተቀመጠ ያልታወቀ።

"ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ቤት ቀስት ወረወረ" አለችኝ ፎቶውን እያየች። "አንድም ቀን አልተጨበጨበለትም። ቧንቧ ሲጠግን የማይስት እጅ፣ ቀስት ሲወረውር ግድግዳውን ይመታ ነበር። የመጀመሪያ አጨብጫቢው እርስዎ ነዎት።"

አንገቴን ደፋሁ፤ ስልኬንም አውጥቼ ዘጋሁት። ለቅሶ ላይ ስልክ አይጮህም፤ የሰብለ ሕግ ከመወለዱ በፊት የነበረ ሕግ ነው።

ቢራው ያኔ መጣ፤ ሳልጠራው። ይሄን ቢራ ስንት ሰው አማልኝ መሰላችሁ! "የእንግሊዝ ቢራ ለብ ያለ ነው፣ አረፋ የለውም፣ ሞቷል" ያላለኝ የለም። ቀመስኩት። መልኩ ደፍረስ ያለ ቡናማ፣ ቅዝቃዜው የጋን፣ ምሬቱ የጌሾ… ወንድሞቼ፣ ጠላ ነው! ጨዋ ጠላ! ይህን ያህል ዘመን ጠላ በጠላ ከሆነ አገር ተቀምጬ የእጅ ማጽጃ ሳሸት መኖሬ አንገበገበኝ። በጌታሁን ቤልጂየም አልቀናም፤ ከዚህ ወዲያ እሱ ይቅና።

ምግቡም መጣ። አንዷ ሴትዮ በሊጥ የተጠቀለለ የአሳማ ሥጋ በሳህን አቀረበችልኝ። የለቅሶ ቤት ምግብ አይመለስም፤ አሳማም አይበላም። ሁለት ሕግ ሲጣላ ሽማግሌ መሃል ይገባል፤ በሶፍት ጠቅልዬ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት። "ግሩም ነው" አልኳት፤ ኪሴ አልተቃወመም። ቀጥሎ ኮምጣጤ ውስጥ የተዘፈዘፈ የተቀቀለ እንቁላል መጣ። እሱን በላሁት፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

እኔ ደግሞ ያለ ሚጥሚጣ ከቤት አልወጣም። ያለቀ የደም ግፊት ኪኒን ብልቃጥ አለችኝ፤ እሷን ሞልቼ እዞራለሁ። አውጥቼ እንቁላሉ ላይ ነሰነስኩ። የቴሪ ወንድም አየኝ።

"ምንድን ነው?"

"የአገሬ ቅመም ነው። ይተውት፣ ለእናንተ አይሆንም።"

ለእንግሊዝ "ለእናንተ አይሆንም" አይባልም። ተቀብሎኝ እንቁላሉ ላይ ደፋው። ጎረሰ። መጀመሪያ ፈገግ አለ። ከዚያ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ዓይኑ ተገለባበጠ፣ ጠረጴዛውን በጡጫ መታ፣ እንባው ዱብ ዱብ አለ።

"እኔም ልሞክር!" አለ ወፍራሙ። እሱም አለቀሰ። "ስጠኝ!" አለ ቀጅው። አለቀሰ። ብልቃጧ ከእጅ ወደ እጅ ስትዞር ሴቱም ወንዱም ንፍጡን እየጠረገ ይንሰቀሰቃል። ከገባሁ ወዲህ ገና አሁን ለቅሶ ቤት መሰለ። በመጨረሻ ሞሪን እጇን ዘረጋች።

"ተይ እትዬ" አልኳት። አልሰማችኝም። ቀመሰች፤ እንባዋ ወረደ፤ ሁሉም ሳቀ። የሌሎቹ ቃጠሎ በረደ፣ የሌሎቹ እንባ ደረቀ። የሞሪን አላቆመም። ሳቁም ቀስ እያለ ጠፋ።

በሩ የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ሰብለ ናት። ከሥራ ተመልሳ አጥታኝ፣ ስልኬ ተዘግቶባት፣ ዋናውን መንገድ ሱቅ በሱቅ ስትጠይቅ፣ ባለ አትክልቱ "ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ? እዚያ መጠጥ ቤት ገብተዋል" ብሎ አሳብቆብኝ ነው። መጠጥ ቤት ረግጣ የማታውቅ ልጄ ገብታ ያየችውን እስቲ እዩላት፦ ቤት ሙሉ ሰው ፊቱ ቀልቶ ዓይኑ አብጧል፣ አባቷ መሃል ላይ ቢራ ይዞ ተቀምጧል፣ የአባቷ የግፊት መድኃኒት ብልቃጥ ባዶዋን ጠረጴዛው ላይ ቆማለች።

"ምን አጠጧቸው?" አለችኝ። አንቱ ማለቷን ልብ በሉልኝ፤ ልጄ ስትናደድ ታከብረኛለች።

"እነሱ ናቸው ያጠጡኝ።"

"መድኃኒትዎን ለሰው አደሉ? ጌታ ሆይ! አምቡላንስ ልጥራ?"

"ሚጥሚጣ ነው! ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ቁጭ በይ!"

"የማን ለቅሶ?"

"የቴሪ።"

"ቴሪ ማነው?"

"አላውቀውም!"

ከዚያ ሞሪንን አየቻት። ቁጣዋ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ቦርሳዋን ጥላ እግሯ ሥር በርከክ አለች፣ ሁለት እጇን ያዘች፣ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ" አለቻት በአማርኛ፤ በእንግሊዝኛ የደገመችው ቆይታ ነው። ሞሪን ትከሻዋ ላይ ተደፋች። ትንሽ ቆይቶ ልጄ የሠራችውን ብነግራችሁ አታምኑም፤ ኮቷን አውልቃ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ሳህን እያነሳች ወደ ጓዳ ታመላልስ ጀመር። ለቅሶ ቤት ገብቶ እጁን አጣምሮ የሚቆም ልጅ አላሳደግሁም።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! የቴሪ ወንድም ግን ሳህን ተቀብሏት "አባትሽ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ያን የመሰለ ጭብጨባ ለወንድሜ!" አላት።

ሰብለ ወደ እኔ ዞረች። "ለምን አጨበጨብክ?"

ወደ አንተ መመለሷ አዘናጋኝ። "አስተናጋጅ ልጠራ ነዋ" አልኳት በአማርኛ፣ ፈገግ ብዬ።

ልጄ አትዋሽም። እኔ አንድ እንከን አላት የምለው ይህን ነው። ወደ ሰውዬው ዞራ፣ ቃል በቃል፣ ቤቱ በሙሉ እየሰማ ተረጎመችለት፦ አባቴ ያጨበጨበው ለወንድምህ አይደለም፣ አገራችን አስተናጋጅ የሚጠራው እንደዚያ ነው፣ ቢራ ፈልጎ ነው፣ ይቅርታ እንጠይቃለን።

ሰማያዊው ዓይን ሁሉ እንደገና መጣብኝ። ባርኔጣዬን ፈለግሁ። ቫኑ ታየኝ፣ ፊኛው ታየኝ። ግን አጎንብሼ አልወጣም አልኩ። ተነሥቼ ቆምኩ።

"አዎ፣ ለቢራ ነው" አልኩ በዚያች በተሰበረች እንግሊዝኛዬ። "ሰዓት ሙሉ ጠብቄ የሚያስተናግደኝ አጣሁ። ይቅርታ የሚጠየቀው እኔ ነኝ!"

አንድ ድምፅ ተሰማ። ሞሪን ናት። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ ገና ሳይደርቅ፣ እስክትንፈራፈር ትስቃለች።

"ወይኔ ቴሪ! ሲሞት እንኳ ጭብጨባው የእሱ አልሆነም!" አለች። ከዚያ ጣቷን ቀሰረችብኝ። "ስለዚህ ለእሱ ገና አላጨበጨቡለትም። አለብዎት!"

"አለብኝ" አልኩ። "እኛ አገር አርባኛው ቀን ይታሰባል። ያኔ እከፍላለሁ።"

አርባ ምን እንደሆነ ሰብለ አስረዳቻት። እነሱ ሟቹን ሲያቆዩት ቀኑ ተጋምሶ የለ፣ ቅርብ ነው። ሞሪን በጣቷ ቆጥራ "ሐሙስ ይውላል" አለች። እግዚአብሔር ሲያዳላ እንዲህ ነው።

ስንመለስ ሰብለ ከፊቴ ፈጠን ፈጠን እያለች ትራመዳለች። ሽማግሌ ሲከሰስ ጠበቃው ምላሱ ናት፤ ቀደምኩ።

"ከዋናው መንገድ አልወጣሁም" አልኳት። "ስልክ ዘጋሁ፤ ለቅሶ ነበር። ቤት አላገኘሽኝም፤ አንቺስ ቤት ነበርሽ? ሳህን ስታጥቢ አልነበረም እንዴ? ፊኛ አልወረውርም!"

"ኪስህ ምን ሆኖ ነው የወዛው?"

"አሳማ ነው።"

"አባዬ!"

"አልበላሁትም። አልመለስኩትምም።"

መንገድ ላይ ቆማ፣ የመብራት ምሰሶ ተደግፋ ሳቀች። በልጅነቷ እንዲያ ነበር የምትስቀው። ከዚያ ፊቷን አኮሳትራ፣ "ደይ ሴንተሩን ካንስል አደርገዋለሁ" አለች። "ለጊዜው ነው ታዲያ! የአርባው ሐሙስ ደግሞ አብሬህ ነው የምሄደው።"

"እኔን ልትጠብቂ?"

"ሞሪንን ላይ።"

ማታ ጌታሁን ጋ ደወልኩ። አንዲት ትንሽ የአውሮፓ ከተማ ሄጄ የአገሬውን ቢራ ጠጣሁ፣ የአገሬውን ምግብ ኪሴ ከተትኩ፣ የአገሬውን ሰው አስለቀስኩ አልኩት። ስሟን ቢጠይቀኝ አልነገርኩትም፤ ይቃጠል።

አሁን መዳፌን እያየሁ ነው። አለቃ አዝዞት ያልተነሣ እጅ ነው። ነገም ማንም ቢያዝዘው አይነሣም፤ ብርድ ቢሆንም ባይሆንም። ቀስቱ ሁሌ ግድግዳ ለሚመታ፣ ዓይቼው ለማላውቅ ለአንድ ቧንቧ ጠጋኝ ግን አንዲት ጭብጨባ አለብኝ።